ጉበቴ፣ ጭንቅላቴና የተከለከለው ቀልዴ

ከጅቡቲ እስከ አዳማ ባለው መንገድ ከእኔ የተሻለ ጎሚስታ አልተወለደም፤ የሚወለድም አይመስለኝም። ከባድ መኪና አዋሽን አቋርጦ ሲያልፍ ጀርባዬን ሰጥቼ ሻይ እየጠጣሁ፣ በጎማው ድምፅ ብቻ የትኛው እግሩ አየር እንዳነሰው፣ ምን እንደጫነ፣ ከፈለጋችሁም የሾፌሩን ሚስት ስም እነግራችኋለሁ። ይህን እያልኩ ስንት ዘመን ኖሬአለሁ። ታዲያ ያ ሁሉን አዋቂ ጭንቅላት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የገዛ ሚስቱን ቀና ብሎ አየና፣ “እመቤት፣ ስምዎን ማን ልበል?” አላት።

ሳቀች። የዚህ ታሪክ ችግሩ ይኸው ነው። ሳቀች።

ስሜ ሰይድ ነው፤ የወሎ ልጅ ነኝ። አዋሽ ሰባት ከዋናው መንገድ ዳር የጎማ ጥገና አለኝ። ባለቤቴ ዘሀራ ከጎኔ ሻይና ምሳ ትሸጣለች። ከሾፌሮቹ ግማሾቹ የሚቆሙት ለጎማቸው ሳይሆን ለጨዋታዬ ነው እላለሁ፤ ዘሀራ ደግሞ ለምስር ወጧ ነው ትላለች። እኔ “ዝናብ መጣ” ስል ልብሱን ከገመድ ላይ የሚሰበስብ ሰው በሰፈራችን የለም፤ ጥርሱን ነው የሚያወጣው። ይህን የምጽፈው ዓይናችሁ ቢጫ ለሆነባችሁ፣ እንቅልፋችሁ ለተገለበጠባችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ቀልደኛ ላለባችሁ ነው። ቀልደኛ ሲታመም ማንም አያምነውም፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ራሱ አያምንም።

መጀመሪያ የተበላሸው እንቅልፌ ነበር። ሌሊቱን እንደ ጉጉት ዓይኔን አፍጥጬ አድራለሁ፤ ቀን ሾፌር እያናገረኝ ጎማ ላይ ተደግፌ እንቅልፍ ይወስደኛል። በአዋሽ ሙቀት ቀትር ላይ የማያንቀላፋ ሰው ቢገኝ እሱ ነው ሐኪም ቤት የሚወሰደው፤ ስለዚህ ማንንም አልደነቀውም። ቀጥሎ እጄ ከዳኝ። በጠገንኩት ጎማ ላይ የመኪናውን ታርጋ በጠመኔ እጽፋለሁ፤ ሰባቱ እንደ ሰካራም ይጋደም፣ ስምንቱ ሳይዘጋ ይቀር ጀመር።

“ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ቻይንኛ ነው?” አለኝ አንዱ ሾፌር።

“ለጅቡቲ ጉምሩክ ነው፤ አንተን ምን አገባህ!”

ሳቅን። ሆዴ ተነፋ፤ “መንታ ነው” አልኩ። ተሳቀ። ዓይንህ ቢጫ ሆነ ሲሉኝ፣ “ወደ ወርቅነት እየተለወጥኩ ነው፤ ዘሀራ ሲቸግራት ትሸጠኛለች” አልኩ። ይሄማ ከተማውን ዞረ። አንድ ቀን ደህናውን ጎማ ፈትቼ፣ ቀዳዳ የሌለውን ቦታ ፍቄ፣ አሳምሬ ለጠፍኩበት፤ የተነፈሰውን ጎማ መልሼ ገጠምኩት። ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ግን ምን እንዳሳቀን አልገባኝም ነበር። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ይህንኑ ነው፤ ሳቁ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ መሳቄን።

የመጀመሪያው ክሊኒክ “ወባ ነው” አለ። እኛ ዘንድ ወባ የቤተሰብ አባል ነው፤ ካልመጣ ይናፍቃል። የደም ምርመራው የለም ቢልም መድኃኒቱ ተሰጠኝ፤ ዋጥኩ። ሁለተኛው “ታይፎይድና ታይፈስ” አለ። እነዚህ ሁለቱ እንደ ጫማ ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። መርፌውን ተወጋሁ። ሦስተኛው ክሊኒክ በረንዳ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥን። ማራገቢያው አንገቱን ግራና ቀኝ እያዞረ ሰዉን ሁሉ ያዳርሳል፤ እኔ ጋ ሊደርስ ሲል መብራት ይጠፋል። በመጨረሻ ገባን። ባለሙያው ሌሊት አለመተኛቴን ሰማና “ጭንቀት ነው” ብሎ የእንቅልፍ ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑ ወስዶ ወዴት እንዳደረሰኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሲመልሰኝ ግን ሙሉውን አልመለሰኝም።

በዚህ መሃል ሰፈሩ የራሱን ምርመራ ጨርሶ ነበር። ሾፌሮች “መርቅኖ ነው” አሉ። ጎረቤቶች “ጂን ነው” አሉ። የዘሀራ አጎት አንድ ሼህ ይዞ መጣ። ሼሁ ቁርኣን ቀሩልኝ፤ ሲጨርሱ ዓይኔን በጣታቸው ገልጠው አዩና፣ “እኛ ዱዓችንን አድርገናል። ይህ ሰው ግን ሐኪም ይፈልጋል፤ አትዘግዩ” ብለው የቀረበላቸውን ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። አላህ ይስጣቸው። የሰማቸው ግን የለም። በምትኩ አንዲት ሴት ለወፍ በሽታ ፍቱን ነው ያለችውን የቅጠል ጭማቂ አመጣች። ምሬቱ ለጉድ ነው፤ ከጠጣሁት በኋላ ውሃው፣ ዳቦው፣ ዘሀራም ጭምር መረሩኝ።

ከዚያ አረፋ ደረሰ። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ “ሰይድ ከስቷል፣ አቅም ያንሰዋል” እያለ ሥጋ ይዞ መጣ። ጥብሱ፣ ቅቅሉ፣ መረቁ! ሰው ሁሉ በፍቅር ሊገድለኝ ተነሳ። እኔም በልቼ ሳልጨርስ የሚመጣብኝን እያሳደድኩ በላሁ። ሆዴ ደረቀ፤ ሽንት ቤት መሄድ ተውኩ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ዘሀራን “እመቤት፣ ስምዎን ማን ልበል?” ያልኳት። ስቃ ስቃ ስታበቃ መለስ ብላ አየችኝ። መልሷን እየጠበቅሁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምነግራችሁ ዘሀራና ሁመድ ከነገሩኝ ነው።

ሁመድ አፋር ነው። በሰመራና በአዋሽ መካከል ፍየልና ግመል ያሻሽጣል፤ ቁመቱ የስልክ እንጨት፣ ድምፁ የመኪና ጥሩምባ ነው። ሲያወራ ፍየሎቹ እንኳ ዝም ይላሉ። ወዳጆች የሆንነው ወደዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን ነው፤ ያን ጊዜ ያስተማረኝ አንድ ነገር ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ይሉና ዜና ይለዋወጣሉ፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን አለፈ። ያየኸውን እንዳየኸው፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማኸው ትናገራለህ። በዚያ በረሃ ሰውም ከብትም የሚኖረው በዚህ ወሬ ነው። ሁመድ ያን ጊዜ፣ “ስማ ሰይድ፣ ቀልድህን ከዳጉ በኋላ አምጣ። በዳጉ የቀለደ ሰው ውሃ የሌለበትን ጉድጓድ ለተጠማ ያመለከተ ነው” አለኝ። እኔ በለቅሶ ቤት የቀለድኩ፣ በራሴ ኒካህ ላይ የቀለድኩ ሰው፣ ከሁመድ ጋር ዳጉ ስንቀመጥ አንድም ቀን ቀልጄ አላውቅም።

ዘሀራን ስሟን በጠየቅኳት ማግስት ሁመድ መጣ። እንደ ልማዳችን ጎማ ላይ ተቀመጥን። መንገዱን ሁሉ ነገረኝ፤ ገዋኔ ላይ አቧራ እንደነበረ፣ ሚሌ አጠገብ መኪና ተገልብጦ ሰው እንዳልሞተ። ከዚያ “አንተስ? ምን አየህ?” አለኝ።

“አዋሽ ወንዝ ደርቋል” አልኩት አሉ። “ሰው በጫማው ይሻገረዋል። አባቴም ትናንት መጥቶ ነበር፤ ምሳ በልቶ ሄደ።”

ሁመድ ወደ ዘሀራ ዞረ። ጠዋት ፍየሎቹን ያጠጣው ከአዋሽ ነው። አባቴ ሲሞትም ለተዕዚያ ኮምቦልቻ ድረስ አብሮኝ ሄዷል።

ዘሀራ ከምድጃዋ ሆና፣ “ተወው ሁመድ፣ ሰይድ እኮ ነው! ሰሞኑንማ ብሶበታል፤ ትናንት እኔንም ስምሽ ማን ነው ሲለኝ ነበር” አለች።

“ሳቅሽ?”

“ምን ላድርግ ታዲያ?”

ሁመድ ተነስቶ ቆመ። “ዘሀራ፣ ይህ ሰው በዳጉ አይቀልድም። ወላሂ አይቀልድም። ሰይድ ታሟል።”

ዘሀራ ማማሰያውን ይዛ እንደቆመች አለቀሰች። የሳቀችበትን ሁሉ አንድ ባንድ እያስታወሰች አለቀሰች። እኔ ደግሞ “ማን ሞተ?” እያልኩ አጽናናት ነበር አሉ።

ሐኪም ፍለጋ አዳማ ይቀርበን ነበር፤ ግን እዚያ የምናርፍበት ዘመድ የለንም። ሰመራ የዘሀራ እህት አለች፤ ሁመድም የወንድሙን ልጅ ጉበት ያከመች ሐኪም እዚያ አለች አለ። ሁመድ መንገድ መሃል ገብቶ እጁን ዘርግቶ፣ ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ተሳቢ አስቆመ። ሾፌሩ ደንበኛዬ ነበር። የራሱን አልጋ ለቀቀልኝ፤ ከወንበሩ ጀርባ ጋደም አልኩ። ሁመድ መንገዱን ሁሉ ዘሀራን ሲጠይቃት ሄደ። መቼ ተኛ? መቼ ነቃ? ምን በላ? ምን ዋጠ? ሽንት ቤት መቼ ገባ? ዘሀራ፣ “ሁመድ፣ ይሄ እንኳ ነውር ነው” ስትለው፣ “ነውሩን ለሰላም ጊዜ አስቀምጪው” አላት።

ሰመራ ሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነበር። አንዲት ልጇን ያቀፈች አፋር ሴት አየችኝና ሳትጠየቅ ወንበሯን ለቃ መሬት ተቀመጠች። ከጎኔ የነበረ የመንግሥት ሠራተኛ የያዘውን ፋይል እያርገበገበ ነፋስ ሰጠኝ፤ እጁ ሲደክመው በሌላው ያደርገዋል። ስሙን እንኳ አላወቅኩትም። ዛሬ ሰው ሁሉ ጨከነ ሲባል እኔ አፌን የምይዘው ያን ፋይል እያሰብኩ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። “ምን ሆኖ ነው?” አለች ገና ሳንቀመጥ።

“አንቺ ቸኩለሻል” አላት ሁመድ። “ቁጭ በይ።”

“ቁጭ ብያለሁ እኮ።”

“እንግዲያው ስሚ።”

ዳጉውን ጀመረ። ሐኪሟ መጀመሪያ በሩ ላይ ያለውን ሰልፍ አየት አደረገች፤ ትንሽ ቆይታ እስክሪብቶዋን አነሳች። ሁመድ እንቅልፌ እንዴት እንደተገለበጠ፣ ጠመኔው እንዴት እንደተጣመመ፣ ሆዴ መቼ እንደተነፋ፣ የአረፋውን ሥጋ፣ የቅጠሉን ጭማቂ፣ ከአረፋ ወዲህ በወጉ ሽንት ቤት አለመግባቴን ነገራት። የእንቅልፍ ክኒኑን ማሸጊያ ከሽርጡ እጥፋት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። “ይህን ያየሁት ነው። ያኛውን ዘሀራ ነግራኛለች። ጂን ነው ያሉም አሉ፤ እሱን አላየሁትም።”

ሐኪሟ ፈገግ አለችና ወደ እኔ ዞረች። “እጅዎን ይዘርጉልኝ። መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ መዳፍዎን ቀና ያድርጉ።”

ዘረጋሁ። እጄ ወደቅ ቀና፣ ወደቅ ቀና አለ፤ አንዴ “ቁም” አንዴ “እለፍ” የሚል ትራፊክ ሆንኩ።

“ጭንቅላቱ አይደለም የታመመው” አለች ለዘሀራ። “ጉበቱ ነው። ጭንቅላቱ የጎረቤት ጭስ ነው የገባበት። ሌላ ነገር አለመኖሩን በደም እናረጋግጣለን፤ ግን ዛሬውኑ እንጀምራለን።”

“ይመለሳል?” አለቻት ዘሀራ። “ሌላ አልጠይቅሽም። ሰውዬዬ ይመለሳል?”

“በጊዜ ከሆነ ብዙዎቹ ይመለሳሉ። እንየው።”

የእንቅልፍ ክኒኑ ተጣለ። ጣፋጭ ሽሮፕ ታዘዘልኝ፤ ሥራው አንጀትን ማጠብ ነው። ከላይ በሽሮፕ፣ ከታች ደግሞ... ከታችም አጠቡኝ፤ በዚህ እንለፈው። በሦስተኛው ቀን ገደማ የነገሮች ስም ይመለስልኝ ጀመር። መጀመሪያ የለየሁት ጣራውን ነው። ከዚያ አጠገቤ ያለችውን ሴት። “ዘሀራ” አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች።

ዳንኩ ብዬ ወዲያው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ነርሷ ጠዋት ጠዋት ትጠይቀኛለች። “ጋሼ፣ አሁን ያለንበት ቦታ የት ነው?”

“የገሀነም ምድር ቤት። በሙቀቱ ነው ያወቅኩት።”

ነርሷ ጻፈች።

“ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?”

“የደመወዝ ቀን። ፊትሽ ያስታውቃል።”

ይህንንም ጻፈች። ከሰዓት በኋላ ሽሮፑ ተጨመረ፤ “ገና ይቀባዥራል” ተብሎ። ሌሊቱን ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ አልጋ እንደ ሚኒባስ ተመላለስኩ። በማግስቱ ሌላ ቀልድ ቀለድኩ፤ ሌላ ሽሮፕ ታዘዘ። ሐኪሟ ራሷ መጣች።

“አቶ ሰይድ፣ እየቀለዱ ነው ወይስ ታመው ነው?”

“ሁለቱም።”

“እኔ የምለየው በመልስዎ ነው። ሌላ መሣሪያ የለኝም። ስለዚህ እስኪወጡ ድረስ ቀልድ ክልክል ነው።”

“ዶክተር፣” አለቻት ዘሀራ፣ “እግሩን ቢቆርጡት ይቀለዋል።”

ያሳለፍኩት መከራ ሁሉ አንድ ወገን፣ ያ ክልከላ አንድ ወገን። “የት ነን?” “ሰመራ።” “ቀኑ?” “ማክሰኞ።” ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ከጎኑ እንዳይተኛ ይጸልያል። ነርሷ እንኳ ሰልችቷት፣ “ጋሼ፣ ዛሬ ትንሽ ተሻለዎት መሰለኝ፤ አስጠሉኝ” አለችኝ።

በቀን ቀልዱ ሲከለከል ሌሊቱ ፍርሃት አመጣ። ቀልድ ለካ እንደ በር ነው፤ ተዘግቶ ሲኖር ውጭ ማን እንደቆመ አታውቅም። የጠፉብኝን ቀናት ፈለግኳቸው፤ የሉም። ነገ ደግሞ ዛሬን ባጣውስ? ራሴን ልፈትን ብዬ የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሐን በልቤ ጀመርኩ፤ አፌን የፈታሁበትን፣ በእንቅልፌ የምቀራውን ፋቲሐ። መሃል ላይ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ እዚያው ቦታ ጠፋኝ። ላቤ መጣ። ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ኖሯል፤ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ የተኛችው ዘሀራ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ የቀጠለውን አንቀጽ ቀስ ብላ አለችልኝ። ከዚያ ያለውን እኔ ጨረስኩት። ስለዚያ ሌሊት አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

ጭንቅላቴ ሲጠራ የሆንኩትን ማወቅ ፈለግኩ። ሐኪሟ ዙር ጨርሳ አልጋዬ ጫፍ ቆመች።

“የምንበላው ነገር አንጀት ውስጥ ሲፈርስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣዋል” አለችኝ። “ጤነኛ ጉበት ያንን ይዞ በሽንት የሚወጣ ነገር ያደርገዋል።”

“አሞኒያ ሽንት ቤት ውስጥ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነው?”

“እሱ ነው። የእርስዎ ጉበት ጠባሳ ስለሞላው አላጣራውም። ሆድዎም ደርቆ ስለነበር መርዙ ውስጥ ከረመ። ከዚያ በደም ተሳፍሮ አንጎል ገባ።”

“ስለዚህ ጭንቅላቴ የመናኸሪያ ሽንት ቤት ሆኖ ነበር?”

“ይህ ቀልድ ነው?”

“ኧረ ጥያቄ ነው!”

“እንግዲያው በመጠኑ አዎ።”

ከዚያ በእኔ ቋንቋ አስረዳችኝ። ከባድ መኪና ላይ ሾፌርና ረዳት አለ። አንጎል ውስጥም ሐሳብ የሚነዱ ሴሎች አሉ፤ በዙሪያቸው ደግሞ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ረዳቶች። ረዳቶቹ ሾፌሩን ያበላሉ፣ ቆሻሻውን ያነሳሉ፣ “ና፣ ና፣ በቃ!” ይላሉ። አሞኒያ አንጎል ሲደርስ በዋናነት የሚሸከሙት እነዚህ ረዳቶች ናቸው፤ ሲሸከሙት ውሃ ይዘው ያብጣሉ።

“እርስ በርስ የሚጠራሩት ደግሞ በካልሲየም ነው” አለች። “ሴሉ ውስጥ ያለው ካልሲየም በጣም ትንሽ ነው፤ ውጭ ያለው ብዙ ነው። መልእክት ሲኖር ውስጥ ያለው ለአፍታ ከፍ ይልና ወዲያው ይወርዳል፤ እንደ ፉጨት ይበሉት። አሞኒያ ይህንን ሚዛን ያዛባዋል። ካልሲየሙ ያለ ጊዜው ከፍ ይላል፣ በልኩም አይወርድም። ረዳቱ ‘ቁም’ ማለት ሲገባው ‘ና’ ይላል።”

“ገባኝ። ቫልቩ ነው የተበላሸው። ጎማው ደህና ሆኖ አየሩ በልኩ አልቆም አለ።”

“ጎማ አላውቅም፤ ግን ያስኬዳል። ዝርዝሩን ተመራማሪዎች ገና እያጠኑት ነው። እርስዎ የሚያስፈልግዎ ይህች ናት፤ አሞኒያው ሲወጣ ረዳቶቹ ይረጋጋሉ።”

ሁመድ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከሁሉ የያዘው አንድ ቃል ነው፤ ካልሲየም። ማታውኑ አንድ ጀሪካን የግመል ወተት ተሸክሞ መጣ። እኔም ነቅቼ ነበርና ራሴን በወተት ላክም ተነሳሁ። ሐኪሟ ጠዋት ጀሪካኑን አየችው።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ካልሲየም!” አላት ሁመድ፣ ደረቱን ነፍቶ።

“አቶ ሁመድ፣ ካልሲየም አላነሰውም። የተዛባው ሴሎቹ ውስጥ ያለው ሚዛን ነው፤ ያ በመጠጥ አይስተካከልም። ወተቱን አፍልቶ በልኩ ይጠጣው፤ መድኃኒቱ ግን ሽሮፑ ነው።”

ሁመድ ጀሪካኑን አንስቶ ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ አስፈልቶ አስቀዳ። ሥጋን በተመለከተም ሐኪሟ ጨርሶ ተው አላለችኝም፤ ሰው ያለ ጉልበት አይድንም፣ በትንሽ በትንሹ፣ ምስርና ባቄላ እያበዙ ይብሉ አለችኝ። ዘሀራ የምስር ወጧ በሐኪም የታዘዘለት ሴት ሆና ቀረች፤ እስከ ዛሬም አልወረደችም።

የበሽታዬ ሥር ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። መቼ እንደገባ አላውቅም፤ ምናልባት ለዓመታት ሳይነግረኝ አብሮኝ ኖሯል። ጉበቴን ስንት ዓመት በዝምታ በልቶ ነው መርዙን ወደ ጭንቅላቴ የላከው። ለእሱ በየቀኑ የምውጠው ክኒን አለኝ። ዘሀራ ተመረመረች፤ የለባትም፣ አልሐምዱሊላህ፤ ክትባቱን ወሰደች። እናንተም ተመርመሩ። ቀላል የደም ምርመራ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን ቅጠል አትጨምቁ፤ እንቅልፍ ሲገለበጥ የእንቅልፍ ክኒን በራሳችሁ አትዋጡ። ቤታችሁ ያለው ቀልደኛ ደግሞ ቀልዱ ከዛሬ ነገ ከተለወጠ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ዓይኑን እዩ።

ወጪው ቀላል አልነበረም፤ ሱቁም ተዘግቶ ከረመ። ሽሮፑ ደግሞ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ይህን ሾፌሮች ሰሙ፤ እንዴት እንደሰሙ አልጠየቅኩም፤ ሁመድ ካለበት አገር ወሬ እግር አያጣም። አንዱ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣል፣ ሌላው ከጅቡቲ ይዞ ዲቾቶ ከተማ ላይ ወደ አዋሽ ለሚመለስ ጓደኛው ይሰጣል፣ ያ አዋሽ ላይ ጥሩምባ ነፍቶ ለዘሀራ በመስኮት ያቀብላታል። እኔ ጎማ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ማናቸውም ምስጋናዬን ሊሰሙ አይቆሙም፤ እዚህ ላይ ያንብቡት።

ዛሬ እሠራለሁ። ሰባቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ስምንቱ ይዘጋል። ጉበቴ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ጭንቅላቴ ግን ደህና ነው፤ ደህና የሚሆነውም ሽሮፑን እስከጠጣሁና በቀን ሁለት ሦስቴ ሽንት ቤት እስከሄድኩ ድረስ ነው። ሐኪሟ “አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘሉ” ብላኛለች። ብዙ ሰው ግን ይዘላል፤ በሠርግ ቀን ይዘላል፣ በመንገድ ቀን ይዘላል። ያፍራል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ለቀጠሮ ወደ ሰመራ ስሄድ ሽሮፔን ጠጥቼ ሚኒባስ ገባሁ። ከገዋኔ ወዲያ ሆዴ አጉረመረመ። ሾፌሩን አቁም ልለው ስነሳ መኪናው ጉድጓድ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ማቆም አላስፈለገም። ሽታው ቀስ ብሎ ተነሳ። ሰዉ አፍንጫውን ያዘ፤ ዓይኑ ሁሉ ከፊቴ ሕፃን ታቅፋ በተቀመጠች ሴት ላይ ሆነ።

“እህቴ፣ የልጅሽን ነገር እዪው እንጂ” አላት አንዱ።

ልጇን ገልበጥ አድርጋ አየች። “ደረቅ ነው” አለች፣ ግራ ገብቷት። ማንም አላመናትም። ፊቷ ቀላ፤ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አቀረቀረች።

“ልጁ አይደለም” አልኩ። “እኔ ነኝ።”

ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ፣ “ጋሽ ሰይድ ደግሞ!” ብሎ ሳቀ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

“አትሳቁ። የምጠጣው መድኃኒት ነው። ካልጠጣሁት ጭንቅላቴ ይሄዳል። እኔ ነኝ፤ አቁምልኝ።”

ቆመ። ሴትዮዋ ከልጇ ጨርቅ ሁለት መርጣ፣ የውሃ ኮዳዋን ጨምራ፣ ፊቴን ሳታይ ሰጠችኝ። ግራር ሥር ሄጄ ታጠብኩ። ሽርጥ አገልድሜ ተመለስኩ፤ መስኮት ዳር ያለውን ቦታ ለቀውልኝ ነበር። ሰመራ ስደርስ ሐኪሟ ቀኑን ጠየቀችኝ፤ በትክክል መለስኩላት።

እኔ ሰይድ የአርባ ሰባት ዓመት ሰው ነኝ። ጭንቅላቴ ደህና ነው። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ሱሪዬን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።